ለአንድ አንቀልባ

ተረት ተረት ብዬ የላም በረት እንድትሉኝ አልጠብቅም። ላም አልነበረንም። የምናድርበት በረትም የሰው ነበር።

የነበረችኝ አንዲት እህት ናት፤ አበዛሽ። ንዳድ አባትና እናታችንን በአንድ ክረምት ሲወስዳቸው ገና ጡት አልጣለችም። አዘልኋት። አንቀልባ ስላልነበረን በአባቴ አሮጌ ጋቢ አዘልኋት። አዝዬ እንጨት ለቀምሁ፤ አዝዬ የሰው ማሳ አረምሁ። የመንደሩ ልጆች "ሞግዚቱ" አሉኝ። ስሜ ጥጋቡ ነው፤ ግን ልጆቹም ሆዴም ይህን ስም አያውቁትም ነበር። ጡንቻ ሳወጣ ሞግዚቱ የሚለኝን ሁሉ በቡጢ አስተውሁት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስቼው አላውቅም።

አበዛሽ አደገች፤ ተዳረች፤ ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ መንደር፣ በሽመል ውሃ፣ ለበኩር ልጅ አንቀልባ የሚያመጣው የእናቲቱ ወገን ነው። አማቷ እትየ ብርነሽ ጎረቤት በተሰበሰበበት አነሱት። የፍየል ቆዳማ ቤታችን ሞልቷል አሉ፤ በእኛ ቤት የበኩር ልጅ የሚታዘለው በአጋዘን ቆዳ ነው። ከዚያ ወደ አበዛሽ ዞሩ።

"ወገን ካለሽ ለክርስትናው ያምጣ። ከሌለሽም ንገሪን፤ እንወቀው።"

አበዛሽ አንገቷን ደፋች። እኔ ከበሩ ቆሜ ነበር። አመጣለሁ አልሁ።

አጋዘን የሚገኘው ከመንደሩ በስተሰሜን፣ ሽመሉ፣ የቆላው ቀርከሃ፣ ጥቅጥቅ ካለበት ደን ውስጥ ነው። ባዶ እጁን ወደዚያ የሚሄድ የለም። ስለዚህ አደኑን ማሰናዳት ጀመርሁ። ጠመንጃ ያለው አያ ቢያድግልኝ ብቻ ነበርና መጀመሪያ ወደ እሱ ሄድሁ። አልነፈገኝም። ግን የቆሰለ አጋዘን ደሙን እያንጠባጠበ ከጠፋ ነውሩ ከተኳሹ ይልቅ ለጠመንጃው ይተርፋል አለኝ። ደም የሚከተል ውሻ ይቅደም፤ ያኔ ጠመንጃው ከምሰሶው ይወርዳል።

ውሻው ካልቀደመ ጠመንጃው አይወርድም፤ ጠመንጃው ካልወረደ አጋዘኑ አይወድቅም፤ አጋዘኑ ካልወደቀ አንቀልባው አይሰፋም።

ውሻ ወዳለው ወደ አያ ደምሌ ሄድሁ። የውሻው ስም አትድረስበት ነው፤ እኔንም አላስደረሰኝም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተነጋገርን። አያ ደምሌ ውሻው ያለ እሱ እንደማይሄድ፣ እሱም ያለ በቅሎ እንደማይሄድ ነገረኝ። ጉልበቱን ገልጦ አሳየኝ። ያበጠ ነገር አልታየኝም።

በቅሎዋ ካልተጫነች ውሻው አይቀድምም፤ ውሻው ካልቀደመ ጠመንጃው አይወርድም፤ ጠመንጃው ካልወረደ አጋዘኑ አይወድቅም፤ አጋዘኑ ካልወደቀ አንቀልባው አይሰፋም።

በቅሎዋ የእማሆይ አመተ ማርያም ናት። እማሆይ መርቀው ተቀበሉኝ፤ መርቀውም ከለከሉኝ። ልጓሟ ተሰብሯል። "ያለ ልጓም ደን ገብታ ጅብ ከሸተታት፣ ልጄ፣ አንተ እዚያው ትቀራለህ፤ እሷ ሱዳን ትገባለች" አሉ።

ልጓሙ ካልተበጀ በቅሎዋ አትጫንም፤ በቅሎዋ ካልተጫነች ውሻው አይቀድምም፤ ውሻው ካልቀደመ ጠመንጃው አይወርድም፤ ጠመንጃው ካልወረደ አጋዘኑ አይወድቅም፤ አጋዘኑ ካልወደቀ አንቀልባው አይሰፋም።

ልጓሙን ይዤ ወደ አንጥረኛው፣ ወደ አያ ተገኜ ወረድሁ። እሳቱ ጠፍቶ፣ ወናፉ ተኝቶ፣ እሱ ተጎንብሶ ይስላል። በሁለት ሳል መካከል ያለው ጥቂት ነው። ማር ካልላሰ ሳሉ አይለቀውም፤ ሳሉ ካልለቀቀው ወናፉን አይነፋም። ሌላ ሰው ይንፋልህ አልሁት። ወናፉ የሰው እጅ አያውቅም ብሎ መሳሉን ቀጠለ።

ማሩ ካልወረደ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልተነፋ ልጓሙ አይበጅም፤ ልጓሙ ካልተበጀ በቅሎዋ አትጫንም፤ በቅሎዋ ካልተጫነች ውሻው አይቀድምም፤ ውሻው ካልቀደመ ጠመንጃው አይወርድም፤ ጠመንጃው ካልወረደ አጋዘኑ አይወድቅም፤ አጋዘኑ ካልወደቀ አንቀልባው አይሰፋም።

እስከዚህ ድረስ መንደሩ ሁሉ በቃሉ ይዞት ነበር። ውሃ የሚቀዱ ልጃገረዶች ሳልፍ እየተቀባበሉ ያወርዱታል፤ አንዷ "ልጓሙ" ስትል ሌላዋ "በቅሎዋ" ትላለች። እትየ ብርነሽም ሰምተው፣ የአበዛሽ ወገን ሲነዱት የሚውል መንጋ ሆነ ብለው ሳቁ አሉ። አበዛሽ ግን አልሳቀችም። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ አየኋት። ክርስትናው ቀርቧል።

ማር ያለው አያ ምንይችል ነው። ቀፎዎቹ ከትልቅ ዋርካ ላይ ተሰቅለዋል። ደጁ ስደርስ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ከቤት ውስጥ ሕፃን ይጮሃል። አፌን ሳልከፍት ማሩ ካልወረደ ወናፉ አይነፋም ብሎ ጀመረና እስከ አንቀልባው ድረስ እሱው ወረደልኝ። አንድም አላጎደለም።

"ሰማሁ። ግን ይህ ልጅ አይተኛም፤ እኔንም አያስተኛኝም። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ዛፍ አይወጣም፣ አያ ጥጋቡ። ወድቄ ብሞት ማሩን ለተዝካሬ ነው የምትልሱት።"

ሕፃኑ ካልተኛ ማሩ አይወርድም፤ ማሩ ካልወረደ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልተነፋ ልጓሙ አይበጅም፤ ልጓሙ ካልተበጀ በቅሎዋ አትጫንም፤ በቅሎዋ ካልተጫነች ውሻው አይቀድምም፤ ውሻው ካልቀደመ ጠመንጃው አይወርድም፤ ጠመንጃው ካልወረደ አጋዘኑ አይወድቅም፤ አጋዘኑ ካልወደቀ አንቀልባው አይሰፋም።

ሕፃኑ ለምን እንደማይተኛ ጠየቅሁ። መታዘል ለምዶ ነው፤ እናቱ እትየ አንጓች ደግሞ ከምንጭ ስትመለስ ወድቃ ወገቧን ታማለች፤ ማዘል አትችልም። አንቀልባው ከግድግዳው ተሰቅሏል። ታዲያ አንተስ አልሁት።

አያ ምንይችል እንደተሰደበ ሰው አየኝ። "እኔ ወንድ ነኝ" አለ። "ይህ ጀርባ ቀፎ ያዝላል፤ ጋሻ ያዝላል። ልጅ ያዝላል ብለህ ታስወራብኛለህ?"

ይኼው ነው። ጠመንጃው፣ ውሻው፣ በቅሎዋ፣ ልጓሙ፣ ወናፉ፣ ማሩ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ባዶ ጀርባ ላይ ተንጠልጥለው ቆመዋል። ያ ሰው ግን ልጁን አይነካውም።

አጥሩ ላይ ሰው ነበር። የመጨረሻውን ለመስማት የተከተሉኝ ጎረምሶች ናቸው። ጥቂት ቆምሁ። አበዛሽ አንገቷን እንደደፋች ታየችኝ። ከዚያ ገባሁ።

"እትየ አንጓች፣ ልጁን ስጪኝ። አንቀልባውንም።"

"ማን ሊያዝለው?"

"እኔ።"

ሰጠችኝ። ጎንበስ ብዬ ጀርባዬ ላይ አወጣሁት፤ ጠፍሩን በደረቴ አቋርጬ አሰርሁት። እጄ ምንም አልረሳም። ወደ ደጅ ወጥቼ ቤቱን እየዞርሁ እሹሩሩ አልሁ። ድምፄ አያምርም፤ ሕፃን ግን ለድምፅ አይደለም የሚተኛ። ሙቀቱን ይፈልጋል፤ እርምጃውንም።

ከአጥሩ ላይ አንዱ "ሞግዚቱ ተመለሰ" አለ። ሌሎቹ ቡጢዬን ጠበቁ።

"አዎ" አልሁት። "ቀስ ብለህ ተናገር፤ ሊተኛ ነው።"

ተኛም።

ሕፃኑ ቢተኛ አባቱ ተኛ፤ አባቱ ጠግቦ ቢነሣ ዋርካው ላይ ወጣ፤ ማሩ ወረደ። ማሩ ቢወርድ ሳሉ ለቀቀ፤ ሳሉ ቢለቅ ወናፉ ተነፋ። ወናፉ ቢነፋ ልጓሙ ተበጀ፤ ልጓሙ ቢበጅ በቅሎዋ ተጫነች። በቅሎዋ ብትጫን አያ ደምሌ ጉልበቱን ረስቶ ዘሎ ወጣባት፤ አትድረስበትም ቀደመ። ውሻው ቢቀድም ጠመንጃው ከምሰሶው ወረደ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽመሉ ውስጥ ነበርን።

አጋዘኑ ከጅረቱ ማዶ ቆሞ አየሁት፤ ወንድ ነው፤ ቀንዱ እንደ ገመድ የተገመደ፤ ጎኑ ላይ ነጫጭ መስመር የወረደበት። ጠመንጃውን አነሣሁ። ውኃውን ጠጥቶ ቀና ሲል ተኮስሁ። ጥቂት ሮጦ ሽመሉ ውጦት ነበር፤ አትድረስበት ግን ደረሰበት። አያ ደምሌ ከበቅሎዋ ወርዶ፣ ያንኑ ጉልበቱን አጥፎ፣ መሬቱን ሳመ።

ቆዳውንና ቀንዱን በበቅሎዋ ጭነን በቀጥታ እትየ ብርነሽ ግቢ ገባን። መንደሩ ተከትሎናል። በአገራችን አድኖ የገባ ሰው ይፎክራል፤ ሲፎክርም የጀግንነት ስሙን ይጠራል። አንዱ አባ መብረቅ ነኝ ይላል፤ አንዱ አባ ነብሮ። እኔ እንዲህ ያለ ስም አላወጣሁም ነበር። ሰው ጆሮውን ጥሎ ሲጠብቀኝ የነበረኝ ስም አንድ ብቻ ነው። ጠመንጃውን ከፍ አደረግሁ።

"ዘራፍ! ዘራፍ ሞግዚቱ! አበዛሽን ያዘለ!"

ከዚያ አበዛሽ አንገቷን ቀና አድርጋ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ወንዶቹ ጨፈሩ። አያ ተገኜ ያለ ሳል ሲጮህ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እትየ ብርነሽ ቆዳውን በጣታቸው ዳበሱት፤ አገላበጡት፤ ነውር አላገኙበትም።

"ወገን አላት" አሉ። ከዚያ በኋላ ያን ቃል አልደገሙትም፤ አላስፈለገም።

ቆዳው ተፋቀ፤ ለሰለሰ፤ ዳር ዳሩን ዛጎል ተሰፋበት። ክርስትናው ሲሆን አበዛሽ ልጇንና አንቀልባውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ሕዝቡ ሁሉ እያየ "መጀመሪያ አንተ እዘላት፣ ወንድም ዓለም" አለችኝ። አዘልኋት።

አያ ምንይችል ከዚያ ወዲህ ልጁን አዝሎ ወደ ቀፎው ሲሄድ አየነው የሚሉ አሉ። እኔን ሲጠይቁኝ አላየሁም እላለሁ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ አልልም፤ አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ። አንቀልባው ግን እየተዋሳችሁት ከቤት ቤት ዞሯል፤ እሱን መልሱ። የአበዛሽ የልጅ ልጅ ተወልዷል።