የእትዬ አሰገደች ብቸኛ ፎቶ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ወይዘሮ የሺሐረግ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ገፍቶ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው አስቀመጡት። ሌላውን ሥራ ሁሉ ቢተዉም አንድ ምኞት ግን ከልባቸው አልወጣም፤ የእህታቸውን ፎቶ ማንሳት።

እህታቸው እትዬ አሰገደች ሐረር ነው የሚኖሩት። ወይዘሮ የሺሐረግ ገና ዳዴ ሲሉ ወደ ምድጃው ተንደርድረው ሲወድቁ፣ ዘለው ከእሳቱ ያወጧቸው እትዬ አሰገደች ናቸው። ትንሿ አንድም ነገር ሳትሆን ተረፈች፤ የትልቋ ግራ ፊት ግን ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳይከናነቡ ሰው ፊት ቀርበው አያውቁም። ሰርግ ላይ ፎቶ አንሺ ብቅ ሲል ጓዳ ይገባሉ። በቤተሰቡ አልበም ውስጥ የእሳቸው ምስል የለም።

አሁን ደግሞ ታመሙ፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡም። ወይዘሮ የሺሐረግ ሊጠይቋቸው ሄደው ሳሉ እንደምንም ደፈሩ።

«እታለም፣ አንድ ፎቶ ላንሳሽ?»

«አንቺ? በዚህ እጅሽ?» አሉ እህትየው ፈገግ ብለው። ቀጥለውም፣ «አንቺ ራስሽ ካነሳሽኝ እሺ። ሌላ ሰው አይሆንም። በስልክም አልፈልግም፣ ስልክ ውስጥ የገባ ፎቶ አገር ያዳርሳል። ነጠላዬን ደግሞ አላወርድም» አሏቸው።

ወይዘሮ የሺሐረግ ግን የናፈቃቸው የእህታቸው ፊት ነበር። ቤታቸው ሲመለሱ ለልጆቻቸው ነግረው አለቀሱ። ልጆቹ ሦስት ናቸው።

ትልቋ አስካለ በማግስቱ ካሜራ ፍለጋ ወጣች። ባለሱቆቹ ሁሉ ስለ ሜጋፒክስል ነው የሚያወሩላት። እሷ ግን እያንዳንዱን ትንሽ ካሜራ ተቀብላ የራሷን እጅ እያንቀጠቀጠች ታነሳበታለች።

«እህቴ፣ አሞሻል እንዴ?» አላት አንዱ ባለሱቅ።

«የለም፣ እናቴን ሆኜ ነው።»

የቀዩና የሚያምረው ካሜራ መጫኛ ቁልፍ ስስ ሆኖ ከጣት ያመልጣል፤ ተወችው። ሌላው ያለ ፍላሽ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አያይም፤ የአክስቷ ዓይን ደግሞ ብርሃን አይችልም። ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ውላ ጠርዙ የተፋፋቀ ጥቁር ካሜራ አገኘች። እጇን ብታርገፈግፈውም ምስሉ ረግቶ ይወጣል። «ይሄ እኮ ያገለገለ ነው፣ አዲስ ልስጥሽ» ባለሱቁ ቢላትም እሱኑ ይዛ መጣች።

ወንድሟ ይርጋለም ባጃጅ ነጂ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ግን ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ባጃጁን ደጅ አቁሞ እናቱን ማለማመድ ያዘ። መጀመሪያ የወጡት ፎቶዎች ጣራ፣ የእናትየው አውራ ጣትና የድመት ጭራ ነበሩ። ካሜራው ጥሩ ቢሆንም እሳቸው ሲደነግጡ ክንዳቸው ሁሉ ይርዳል።

«ተወኝ ልጄ፣ ይሄ እጅ አልቆለታል።»

«እማ፣ ከእጅሽ ጋር አትታገይ። ጨርቁን ከመርፌው ሥር ስትሰጂ ምን ታደርጊ ነበር? ክርንሽን ከጎንሽ አስጠጊ፤ ትንፋሽሽን አውጪ፤ ያኔ ተጫኚው።»

እናትየው ስንት ጊዜ ተስፋ ቆረጡ፤ እሱ አልቆረጠም። አንድ ቀን የሱው ፊት፣ ጢሙ ላይ የቀረችው የዳቦ ፍርፋሪ ሳትቀር፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ከት ብሎ ሳቀና ዓይኑን ሊጠርግ ወደ ባጃጁ ወጣ።

የመጨረሻዋ ኅሊና ካሜራውን ነክታው አታውቅም። ሐረር ሄዳ አክስቷን ማስታመም ጀመረች። ስለ ፎቶ ትንፍሽ አላለችም። ሾርባ ትሠራለች፣ እግራቸውን ታሻለች፣ ወግ ታወጋለች። አንድ ቀን ጠጉራቸውን ልታጥባቸው ውኃ አሞቀች። አክስትየው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። አልጎተተችም፣ አልለመነችም። ውኃው ቀዘቀዘ፤ ሄዳ አሙቃ መጣች። ደግሞ ቀዘቀዘ፤ ደግሞ አሞቀች። በመጨረሻ ነጠላውን ራሳቸው ለቀቁት።

ጠጉራቸውን አጥባ ስትጨርስ ጠባሳውን በቅባት ቀስ አድርጋ አሸችላቸው።

«አትጸየፊኝም?»

«ምን ማለት ነው አክስቴ? እናቴን ያተረፈልኝ ፊት እኮ ነው።»

እትዬ አሰገደች ጠባሳቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ለእናትሽ ደውዪላት። ትምጣ» አሉ።

ወይዘሮ የሺሐረግ ከልጆቻቸው ጋር መጡ። ልጆቹ ደጅ እንዲቆዩ ተደረገ። እትዬ አሰገደች መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት። ወይዘሮ የሺሐረግ ካሜራውን ሲያነሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በካሜራው ትንሽ መስኮት ውስጥ ግን የእህታቸው ፊት እርግት ብሎ ተቀምጧል። ክርናቸውን አስጠጉ፤ ትንፋሻቸውን አወጡ።

«ዛሬም እንደ ልጅነትሽ ሥራ ስትይዢ ምላስሽን ታወጫለሽ?» አሉ እህታቸው ሳቃቸው አምልጧቸው። ያኔ ተጫኑት።

እትዬ አሰገደች ምስሉን ብዙ አዩት። ከነጠባሳቸው እየሳቁ ነበር።

«እንዲህ ነኝ ለካ» አሉ። «እንግዲህ ስሚኝ። አንድ ብቻ ይታጠብ፤ ከካሜራው ይጥፋ። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ከአንቺ በኋላ ከልጆችሽ ለሚገባው ለአንዱ ስጪው። እጅ በእጅ እንዳይዞርብኝ።»

እንዳሉት ተደረገ። ክረምቱ ሳይወጣ እትዬ አሰገደች አረፉ።

ዓመታት አለፉና ተራው የወይዘሮ የሺሐረግ ሆነ። አልጋ ላይ ሲውሉ ልጆቹ እየተፈራረቁ ያስታምማሉ፤ አልተጣሉም፣ ግን ሦስቱም ያንን ፎቶ ይፈልጉታል። አስካለ ትራሱን ስታስተካክል፣ «እማዬ፣ እኔ ያንን ካሜራ ባልመርጥ የምናየው ጭጋግ ነበር» አለች። ይርጋለም ደግፎ ሲያስቀምጣቸው፣ «ካሜራ ብቻውን ምን ያነሳል? ያነሳው እጅሽ ነው» አለ። ኅሊና እግራቸውን እያሸች፣ «አክስቴ ነጠላዋን ባታወርድ ምኑን ታነሱት ነበር?» አለች።

እናትየው ሦስቱንም ሰሙ። ሦስቱም እውነት ሆነባቸው።

ዛሬ ልጆቹን አንድ ላይ አስጠርተዋል። ፎቶውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው የእህታቸውን ሳቅ አዩት፤ ከዚያ የልጆቻቸውን ፊት ተራ በተራ አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መልሰው ፎቶውን ደረታቸው ላይ አደረጉት።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ እንግዲህ፤ ፎቶው የሚገባው ለማን ነው? ካሜራውን ለመረጠችው፣ እናቱን ላስተማረው ወይስ አክስቷን በትዕግሥት ለጠበቀችው?