ዳለቻና የእመት ቀበሮ አረቄ

አንድ ጊዜ፣ አዝመራ ተሰብስቦ አውድማው ሁሉ በእህል በተሞላበት ወቅት፣ ዳለቻ የሚባል አህያ ከአንድ መንደር ጥግ ይኖር ነበር። ዳለቻ ጭነቱን አድርሶ ሲመለስ አውድማው ላይ የተበተነውን ገብስ ይለቅማል፤ ገብሱ ሲያልቅ ወደ ስንዴው ይሻገራል፤ ስንዴው ሲያልቅ ደግሞ በቆሎ አያጣም። ሦስት ወር እንዲህ ከከረመ በኋላ ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት ቀረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ጅቦ ከጫካው ብቅ ብሎ አየውና ተንደረደረበት። ዳለቻ ሊሮጥ ሞከረ፤ ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ግን ትንፋሹ ተቆረጠ። ደግነቱ የመንደሩ ውሾች ደርሰው ጅቡን አባረሩለት። ዳለቻም፣ «ውሾቹ ባይደርሱልኝ ኖሮ ይሄኔ አጥንቴ ነበር የሚለቀመው» አለ።

በማግስቱ ማልዶ እማማ ኤሊ ዘንድ ሄደ። እማማ ኤሊ ወንዝ ዳር የምትኖር፣ ዕድሜዋን ራሷም የማታውቀው መድኃኒት አዋቂ ነበረች።

«እማማ፣ ጅብ ሲያባርረኝ መሮጥ አቃተኝ» አላት።

እማማ ኤሊ ልትመረምረው ዙሪያውን ዞረች። አንዴ ዞራ እስክትጨርስ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች።

«ልጄ፣ ያንተ በሽታ እህል ነው» አለችው። «ገብስ ተው፣ ስንዴ ተው፣ በቆሎ ተው። ማርና ሸንኮራም ባፍህ አይዙሩ። ሣር ብላ፣ ቅጠል ብላ፣ ውኃ ጠጣ።»

«እስከ መቼ?»

«ጅቡን ሮጠህ እስክታመልጠው።»

ዳለቻም ጨከነ። አውድማው አጠገብ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ያልፋል፤ ሁለት ጊዜ ከአጥር ጋር ተጋጭቷል። ሣሩን እያላመጠ በሕልሙ ገብስ ያያል። ያም ሆኖ ወር ሳይሞላ ሆዱ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ እስከ ወንዙ ድረስ ሮጦ ሳያለከልክ መመለስ ጀመረ። ችግሩ፣ የተሻለው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እርሱም መካሪ ሆነ። ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ይመክራል።

«በጎ፣ ይኼ የምትበላው ገብስ ምን እንደሚያደርግህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ያጠግበኛል» ብሎ በጉ መብላቱን ቀጠለ።

ይህን ሁሉ አያ ጅቦ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ያያል። አንጀቱ ቢያርርበት ጎረቤቱን እመት ቀበሮን ጠራት።

«ጉድ ሆንኩ እመት ቀበሮ! ምሳዬ ዓይኔ እያየ ከሳ። ደግሞም መሮጥ ተምሯል!»

«መልሼ ባወፍርልህ ምን ትሰጠኛለህ?»

«ሰኮናውን።»

«ሰኮና ምን ያደርግልኛል? ጉበቱን ስጠኝ።»

አያ ጅቦ ጉበት የሚለውን ቃል ሲሰማ ለሃጩ ተዝረከረከ። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ግማሹን» አለ። በዚሁ ተስማሙ።

እመት ቀበሮ ከትልቁ ዋርካ ሥር መጠጥ ትጠምቅ ነበር። ዳለቻ በዚያ ሲያልፍ ጠብቃ አንድ ቅል ጠላ አቀረበችለት።

«አያ ዳለቻ፣ ደክሞሃል፤ አረፍ በልና አንድ ቅመስ።»

«ይቅርታ እመቴ፣ እኔ እህል ትቻለሁ።»

«ብላ አልኩህ እንዴ? ጠጣ ነው ያልኩህ! እማማ ኤሊ አትብላ ነው ያለችህ ወይስ አትጠጣ?»

ዳለቻ አንድ ጆሮውን አቁሞ ሌላውን ጥሎ አሰበ። «እንዲያውም ጠጣ ብላኛለች» አለና ቅሉን ገለበጠው። ያን ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት፣ በሦስተኛው ቀን አራት ቅል ጠጣ። ሳምንት ሳይሞላው ሆዱ እንደገና ተንዘረጠጠ። ግራ ቢገባው ወደ እማማ ኤሊ ሮጠ፤ ሮጠ ከተባለ።

«እማማ፣ በእውነት እልሻለሁ፣ አንዲት ፍሬ እህል አላላመጥኩም!»

እማማ ኤሊ አፉን አሸተተች። «ጠላ ከምን እንደሚጠመቅ ታውቃለህ?»

«ከ... ከጋን?»

«ከገብስ ነው፤ ከብቅል ነው! ጥርስህን አሳርፈህ በጉሮሮህ ስትበላ ከርመሃል። ጠጅም እንዳያምርህ፤ እርሱም ማር ነው።»

ዳለቻ በንዴት እያናፋ ወደ ዋርካው ተመለሰ። «አታለልሽኝ! ጠላሽ ውስጥ ገብስ አለ!»

እመት ቀበሮ ምንም አልደነገጠችም። «እውነትህን ነው፣ በጠላው አጥፍቻለሁ» ብላ አንገቷን ሰበረች። ከዚያም እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነገር በመለኪያ ቀድታ ከፊቱ አስቀመጠች። «ይኼ ግን አረቄ ነው። በእሳት ተኖ፣ በሸምበቆ አልፎ፣ ጠብ ጠብ እያለ የወረደ ነው። አተላው እዚያው ማሰሮው ውስጥ ቀርቷል። እህል ካገኘህበት ጅራቴን ቁረጠው።»

እመት ቀበሮ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረች። ዳለቻ መለኪያውን በፀሐይ አየው፤ እውነትም እህል የለበትም። «እማማ ኤሊን ልጠይቃት ይሆን?» ብሎ አሰበ። ነገር ግን አይሆንም ትለኛለች ብሎ ስለፈራ ሳይጠይቃት ቀረ።

በባዶ ሆዱ የገባው የመጀመሪያው መለኪያ ጆሮውን አሞቀው። ሁለተኛው አዘፈነው፤ የዋርካው ወፎች በሙሉ ተነሥተው በረሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እመት ቀበሮ አንድ ሰፌድ ሙሉ የገብስ ቆሎ ድምፅ ሳታሰማ አጠገቡ አኖረች።

«ይኼ... ገብስ አይደለም?» አለ ዳለቻ ምላሱ እየተሳሰረ።

«ነው። አንተ ግን ትተሃል፤ አትንካው።»

«ማን? እኔ? እኔ የፈለግኩትን እነካለሁ! ዛሬ ብቻ!» ብሎ ሰፌዱን ጠረገው። ሌላ ሰፌድ መጣ፤ እርሱንም ጠረገው። ሦስተኛውን ሲጨርስ ሰፌዱን ራሱን መቆርጠም ጀመረ።

ይኼኔ አያ ጅቦ ከዋርካው ጀርባ ወጣ። ዳለቻ ከመሸሽ ይልቅ እጥፍጥፍ እያለ ሊያቅፈው ሄደ።

«ወንድሜ ጅቦ! በሰው ወሬ እኮ ነው የተጣላነው! ና ጠጣ!»

«አያ ጅቦ፣ አሁን ነው፣ ያዘው!» አለች እመት ቀበሮ።

አያ ጅቦ ግን የአረቄውን ማሰሮ አየ። «አህያው የትም አይሄድም። ይቺን አስቀድሜ ልበልና...»

«ተው! እርሱ በመለኪያ ነው የሚጠጣው!»

ማን ሊሰማት! አያ ጅቦ ማሰሮውን አንሥቶ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠው። ዓይኑ ተገለበጠ። ከፊቱ ሦስት አህዮች ቆመው አየ። «ሦስት! ለሳምንት ይበቃኛል!» ብሎ በመካከለኛው ላይ ዘለለ፤ ዕድል ሆኖበትም የዳለቻን ቀኝ ጆሮ ጫፍ ብቻ ነከሰ።

ሕመሙ ዳለቻን ቀሰቀሰው። ሊሮጥ ቢፈልግ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ሆዱም ጎተተው። የኋላ እግሩ ግን በልማዱ ተፈናጠረና አያ ጅቦን መንጋጋው ላይ አገኘው። አያ ጅቦ ወደ ኋላ ተወርውሮ እመት ቀበሮ ላይ ወደቀ፤ እዚያው እላይዋ ላይ እንደተጋደመ ያንኮራፋ ጀመር። ዳለቻም ሚዛኑን ስቶ እንደ በርሜል ቁልቁል ተንከባለለ፤ ያረፈውም ሳማ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ራሱ ሊፈነዳ እየደረሰ፣ ጆሮው ተቀድዶ፣ ገላው በሳማ ተለብልቦ እማማ ኤሊ ፊት ቆመ። እርሷም ቅጠል አላምጣ ጆሮው ላይ ለጠፈችለት።

«እማማ» አለ ዳለቻ የሆነውን ሁሉ ነግሯት ሲያበቃ አንገቱን ደፍቶ፣ «አረቄው ውስጥ እኮ እህል አልነበረም።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ አልነበረም። ሦስት ሰፌድ ቆሎውን ግን ማን አበላህ?»

ዳለቻ የተነከሰውን ጆሮውን ጣለ። ከዚያም በቀስታ፣ «አረቄው» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሆዱን ከእህል የሚጠብቅ ልቡን ለመለኪያ አሳልፎ ከሰጠ፣ ሆዱን የሚጠብቅለት እንደማይኖር ነው።