አፍሶ የለቀመው ገበሬ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ችኩል ነበረ» አሉ መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ጥያቄውን ሰምተው ጢማቸውን ካሻሹ በኋላ።

ጠያቂው ወጣት ይበልጣል ግራ ገባው። እሱ የጠየቀው ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ ነው። ሠርጉ የደረሰ አንድ ጓደኛው ከተማ ወርዶ ከማያውቃት ሴት ጋር ያለ ጥንቃቄ አደረ፤ በሳምንቱ ተመረመረና ነጻ ተባለ። ይበቃዋል ወይስ ይቆይ? «ጓደኛዬ ነው የኔታ» የሚለውን ግን ከልክ በላይ ደጋገመው።

መሪጌታ ቀጠሉ። «ሚስቱ ከእናቷ የወረደላት የዘር ባቄላ ነበራት፤ አገር የሚመኘው። ባል ደግሞ ገበያ ወጥቶ ካልታወቀ ነጋዴ ባቄላ ገዝቶ ገባ። ያ ነጋዴ እህሉ ነቀዝ አያጣውም ይባል ነበር። ባል ይህን የሰማው ከገዛ በኋላ ነው።

«ሚስት ‹ጥቂት ወር ለብቻው ይቀመጥና አይተን እንቀላቅለዋለን› አለችው። እሱ እንደተሰደበ ቆጠረው። ባቄላውን ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ፍሬ በፍሬ አገላበጠው፤ ቀዳዳ የለው፣ ዱቄት የለው። ጆሮውን ደፍቶ አዳመጠው። ከዚያ ሰፌዱን ታቅፎ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረ። ‹ነቀዝ ታያላችሁ?› ይላል፤ ሁሉም ‹አናይም› አሉት። አልዋሹም፤ በዚያን ቀን የሚታይ ነቀዝ አልነበረም። ‹ይኸው፣ ሰፈር መሰከረልኝ› ብሎ ገባና የሚስቱን ጎታ ከፍቶ ገለበጠበት።

«ነቀዝ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ትሉ ገና ኢምንት ሳለ ፍሬው ውስጥ ይገባና እዚያው እየበላ ያድጋል። ከውጭ ለሚያየው ባቄላው ሙሽራ ይመስላል።»

ይበልጣል ሙሽራ የምትለዋን ቃል ሲሰማ ጋቢውን አስተካከለ።

«የዘር ጊዜ ደረሰና ሚስት ጎታውን ከፈተች። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምተሃል፤ ባቄላው ነቀዙ እግር ሆኖለት ቀደመው። ያልተበሳ ፍሬ የሚገኘው በመከራ ነው። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ያንኑ ሰፌድ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና ‹ያንተን ከኔ ለይልኝ› አለችው።

«ተቀመጠና ይለቅም ጀመር። የትኛው የገበያው፣ የትኛው የአማቱ እንደሆነ በምን ይለየው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል እስከዚያ ዓመት የምንሰማው ስለ ሴት ነበር። በዚያ ዓመት ወንዱም ሲለቅም አየን። ሰፈሩ ሊያጽናናው እየመጣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ እየሳቀ ይመለስ ነበር። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። የእናቷ ዘር ነበራ።»

ይበልጣል ሲስቅ ቆይቶ እዚህ ላይ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። መሪጌታም ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጓደኛህን የመረመሩት አልዋሹትም፤ እነዚያ ጎረቤቶችም አልዋሹም። ጣት ወግተው የሚያዩት እኮ ቫይረሱን አይደለም፤ ሰውነት ሊከላከለው ብሎ የሚያመርተውን ነው። ያ ደግሞ በደም ውስጥ በርክቶ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ከጤና ጣቢያ መጥተው እኛን ካህናቱን ሲያስተምሩን ሦስት ወር ያሉን ለዚህ ነው። ጓደኛህ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሦስት ወር ይቁጠርና ዳግመኛ ይመርመር፤ በመካከል ሌላ ጥፋት ካልጨመረ ያን ጊዜ ነጻ ነህ ካሉት ነጻ ነው። ቀደም ብለው የሚያሳዩ ምርመራዎችም አሉ ይባላል፤ የጤና ጣቢያ ሰዎችን ይጠይቅ። በሦስት ቀን ውስጥ ሄዶ ቢሆን የሚከላከል መድኃኒት ነበረ፤ እሱ አመለጠው። ቢገኝበትም መድኃኒቱን እየዋጠ ልጅ ወልዶ የሚያሳድግ ሞልቷልና አይሸበር። እስከዚያው ግን ባቄላውን ለብቻው ያኑር።»

«ጠላው ተጠንስሷል እኮ የኔታ» አለ ይበልጣል። «እጮኛዬን እናኑን ምን ብዬ ልንገራት?»

ያ «ጓደኛዬ» ሲለው የቆየው ሰው ከመካከላቸው ተነሥቶ እንደሄደ ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው። መሪጌታ ያልሰሙ መሰሉ።

«ጓደኛህ እውነቱን ይንገራት» አሉት። «ትቆጣለች፤ ቁጣዋን ጎንበስ ብሎ ይቀበል። ጠላ ቢበላሽ ሌላ ይጠነሰሳል። ሰፌድ አምጥታ ‹ያንተን ከኔ ለይልኝ› ያለችው ቀን ግን፣ ልጄ፣ ደም ከደም አይለቀምም።»