የጅብራው ካባ

ተረት ልንገራችሁ፤ መሳቃችሁ ካልቀረ በእኔም ሳቁ።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ሲጠይቁት በሚመልስበት ዘመን፣ በአንድ ብርዳም ተራራ ላይ አያ ጭላዳ የሚባል ዝንጀሮ ነበር። ዘመዶቹ ሣር ሲነጩ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በየገደሉ ይዞራል። «ዕፅዋት አጠናለሁ» ይላል። ያጠናውን ሁሉ ግን ይገሥጻል።

መጀመሪያ ጦስኝን አገኛት።

«እመት ጦስኝ፣ ምነው መሬት ላይ ተነጠፍሽ? ቀና በይ እንጂ።»

«ነፋሱ ይነቅለኛል፣ ጌታው።»

«ሰበብ ነው» አለና አለፈ።

ቀጥሎ ከቅርንጫፉ እንደ ጢም ሽበት የተንጠለጠለበትን ዛፍ፣ አስታን አገኘው።

«አያ አስታ፣ ይህን ሁሉ ጢም አንጠልጥለህ አታፍርም?»

«ጉሙን ይዤ የምጠጣው በጢሜ ነው።»

«ሰበብ ነው» አለና አለፈ።

በመጨረሻ ጅብራ ዘንድ ደረሰ። ጅብራ አናቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ግንዱን ግን የከረመ ደረቅ ቅጠል ሸፍኖታል።

«አያ ጅብራ፣ ይህን ቡትቶ ምን አስለበሰህ?»

«የሚያሞቀኝ ይመስለኛል። ግን አንተ የምታጠና ነህ፤ ምን ትላለህ?»

አያ ጭላዳን ከተወለደ ጀምሮ ማንም ምን ትላለህ ብሎት አያውቅም። ደስታው ልክ አጣ።

«ሰበብ ነው፤ ይገፈፍ» አለና በገዛ እጁ ገፈፈው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ውርጭ መጣ። ጅብራ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አያ ጭላዳ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ እየሆነ ነው። ነገን የማይ አይመስለኝም።»

አያ ጭላዳ ደነገጠ፤ አፈረም። የገፈፈውን ቅጠል መልሶ ቢለጥፍበት ነፋስ ወሰደው። ሣር ነጭቶ ቢያለብሰው ነፋስ ወሰደው። ሲጨንቀው ጎፈሬውን ዘርግቶ ግንዱን እቅፍ አድርጎ አደረ።

ጠዋት ዘመዶቹ መጥተው «ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«እያጠናሁ ነው።»

«እያሞቀኝ ነው» አለ ጅብራ ከላይ።

ዘመዶቹ ስቀው ሲሄዱ አያ ጭላዳ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦ «አዲስ ቅጠል በቅሎ፣ ደርቆ ካባ እስኪሆንህ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ሰባት።»

ሰበብ ነው አላለም። ሰባት ዓመት ማታ ማታ አቀፈው። መንገደኛ ጥንቸል «ሥራህ ምንድን ነው?» ስትለው «ካባ ነኝ» ይላት ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጠይቃችሁ ሲመልሱላችሁ ስሙ። እኔ ተረት ነጋሪው ሳልሰማ የገፈፍኩት ብዙ ነው፤ ይኸው ተረቴን ጨርሼ የገፈፍኩትን ላቅፍ መሄዴ ነው።