ቀይ ማግ የገባበት ጨርቅ

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ስሙ ገረመው ይባላል። በአገሩ ልማድ የሸማኔ ልጅ ስትዳር የምትለብሰውን ቀሚስ የሚሸምነው አባቷ ነው። የገረመው ልጅ የስንዱ ሠርግ አራት ወር ሲቀረው ግን የአባቷ ጣቶች አበጡ። ጠዋት ጠዋት ማጉን በድሩ መካከል የሚያሳልፍበትን መወርወሪያ መጨበጥ አቃተው። ሰውነቱም በጣም ከብዶ ስለነበር፣ እግሩን ከትቶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ የሚወጣው ሁለት ሰው እየጎተተው ነበር።

ጎረቤቱና የሙያ ጓደኛው ሽብሩ፣ "ግድ የለህም፣ የስንዱን ቀሚስ እኔ እሠራዋለሁ" አለው። ገረመው አመሰገነው። ቤቱ ሲገባ ግን አለቀሰ።

በማግስቱ ወደ አንዲት አረጋዊት ሐኪም ሄደ። ሐኪሟ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነክተው አዩ።

"ልጄ፣ ይህ ከውጭ የመጣብህ አይደለም" አሉት። "ቤትህን እንዲጠብቅ ያቆምከው ዘበኛ አንተኑ ሌባ ነህ ብሎ እየደበደበህ ነው። የሚያሳምምህ የገዛ ሰውነትህ ነው።"

"ታዲያ ዘበኛውን ላባረው?"

"እሱን ካባረርክ ማን ይጠብቅሃል? እንዳታስቆጣው ነው እንጂ።"

መድኃኒት ሰጡትና ቀጠሉ፤ "አንዳንድ ሰው ላይ ምግብ ያባብሰዋል። እስቲ ለአርባ ቀን ስንዴና ገብስ፣ ጠላና ጮማ ተው። ጤፍህን፣ ጎመንህን፣ ምስርህን ብላ፤ ሲበቃህም ከማዕዱ ተነሣ። በየቀኑ ደግሞ ጥቂት ጥቂት እያልክ አንዲት ጠባብ ጨርቅ ሽመን። ጣትህ በታዘዘልህ ቀን ነጭ ማግ አግባ። እምቢ ባለህ ቀን ቀይ አድርግ፤ ልጅህ ትወርውርልህ።"

አርባው ቀን አልፎ ገረመው ጨርቁን ይዞ ተመለሰ። ሐኪሟ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ነጩ በዝቷል፤ ቀዩ ግን እኩል እኩል እየተራራቀ ይመለሳል።

"ጥለቱስ ያምራል። እንዲህ አድርገህ ሥራ ብሎ ማን አዘዘህ?"

"ኧረ ማንም፤ ሕመሜ ነው ያዘዘኝ።"

"ቀዩ በየሳምንቱ ሰኞና ማክሰኞ ላይ ነው የሚገባው። እሑድ የት ትውላለህ?"

"የሸማኔዎች ማኅበር አለን፣ እማማ።"

"እዚያ ምን ትበላለህ?"

ገረመው አንገቱን ደፋ። "እኔ እንኳ አልበላም። ያጎርሱኛል እንጂ።"

ሐኪሟ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "ሆድህ እኮ ማን እንዳጎረሰው አይጠይቅም!"

ገረመው ግን አልሳቀም። "እኛ ዘንድ ጉርሻ መመለስ ሰው መናቅ ነው። ጣቶቼን ልጣ ወይስ ጓደኞቼን?"

"ጨርቁን አሳያቸው። ሸማኔዎች አይደሉ? ያነቡታል።"

እሑድ ደረሰ። ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው ድፎው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ሽብሩ በትልቅ ቁራሽ ዳቦ ጮማ የበዛበት ወጥ ዝቆ ተነሣ።

"በል አፍህን ክፈት! ከሳህ እኮ። የሙሽራዋን አባት አስራቡት ልታሰኘን ነው?"

ገረመው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን በእጁ ሸፈነ።

"የእኔን ጉርሻ ነው የምትመልሰው?" አለ ሽብሩ።

ገረመው ጨርቁን ከጉያው አወጣ። "ነጩ ጣቴ የታዘዘልኝ ቀን ነው። ቀዩ እምቢ ያለኝ ቀን ነው። ከማኅበራችን ቀን ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጠሩና እዩት።"

ጨርቁ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም በጣቱ ማጉን እየዳሰሰ ቀኑን ቆጠረ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። መጨረሻ ላይ ለሽብሩ ደረሰው።

"ታዲያ ይቺ ቀይ የኔ ጉርሻ ናት?"

"ያንተ ብቻ አይደለችም፤ የሁላችሁም ናት። በፍቅር እንደሰጣችሁኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኳችሁም።"

ሽብሩ ዳቦውን አስቀመጠ። ወጥቶ እጁን እንደገና ታጥቦ መጣና ጎመን በጤፍ እንጀራ ጠቀለለ።

"ይህስ ዘበኛህን ያስቆጣዋል?"

"ይህንንማ ሁለት አጉርሰኝ!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ በማኅበሩ ማዕድ ላይ ለገረመው የሚሆን ምግብ ጠፍቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ወር ገረመው ማንም ሳይጎትተው ከጉድጓዱ ወጣ። ሕመሙ ጨርሶ አልሄደም፤ መድኃኒቱንም አላቋረጠም። ነገር ግን ጣቶቹ እምቢ የሚሉበት ጠዋት እየራቀ መጣ፣ የስንዱንም ቀሚስ ራሱ ሸምኖ ለሠርጉ አደረሰ።

የሠርጉ ዕለት ስንዱ ነጭ ለብሳ ወጣች። ከቀሚሷ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ነበረች። ሚዜዎቿ ምን እንደሆነች ጠየቋት።

"ይቺ በገባችበት ቀን አባዬን እጁ እምቢ አለው" አለች ስንዱ። "እኔ ነኝ የወረወርኩለት።"

ገረመውን ያሳመመው ምግብ ሌላውን ላይጎዳው ይችላል፤ የእያንዳንዳችን ሰውነት የየራሱ ነው። ነገር ግን ሁላችንም ውስጥ በየቀኑ የሚናገር አካል አለ፤ የሚለውን የምንሰማው ልብ ብለን ስንከታተለው ነው። የሚወደን ሰውም የሚጎዳንን የሚያውቀው ስንነግረው ነው። ገረመው ጉርሻውን በመለሰ ቀን ጓደኞቹን የሚያጣ መስሎት ነበር። ያጣው ግን አብዛኛውን ቀይ ማግ ነው።

እናንተስ ላለማስቀየም ብላችሁ የምትጎርሱት፣ በማግስቱ ግን የሚያማችሁ ነገር ምንድን ነው? ለማንስ ነው እስካሁን ያልነገራችሁት?