ውሃ የናቀው ሙክት

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ ጆሯችሁን ክፈቱላትና ትግባ።

ድሮ ድሮ፣ በግና ጠጠር በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ደምለው የሚባል ገበሬና ሚስቱ ይመኙሻል አንድ ሙክት ነበራቸው። ለፋሲካ ያደልቡታል። ገብስ ያበሉታል፣ ሽምብራ ያበሉታል፣ ጨው ያልሱታል። እናቱ አሮጊቷ በግ ከመንጋው ጋር ወንዝ ስትወርድ እሱ ከደጅ አይነቃነቅም።

አንድ ቀን ኩላሊቱ ከውስጥ ጠራችው።

«ጌታዬ፣ እኔ ወንፊትህ ነኝ። ጨውህን አጣራለሁ፣ እድፍህን አጣራለሁ። ያለ ውሃ ግን በምን ልጠበው? አሸዋ እየያዘኝ ነው፤ እባክህ ጠጣ።»

ሙክቱ ሊነሳ ሲል ኩላሊቱ ውስጥ ያለችው የአሸዋ ቅንጣት በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

«የት ልትሄድ ነው? ወንዙ ሩቅ ነው፤ ዳገቱ ስብህን ያቀልጠዋል። እኔ እንደሆንኩ አንዲት ቅንጣት ነኝ፤ ምን አደርግሃለሁ?»

«እውነትሽን ነው» አለና ተመልሶ ተኛ።

እናቱ ከወንዝ ስትመለስ ሽንቱን አየች። እንደ ጠላ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ሽንትህ ጠቁሯልና ውሃ ጠጣ።»

«እማ፣ አልጠማኝም።»

«እስኪጠማህ ትጠብቃለህ እንዴ?»

ፊቱን አዞረባት።

ይመኙሻል በገበቴ ውሃ አቀረበችለት። ቅንጣቷ አድጋ ጠጠር ሆናለች፤ ድምፅዋም ወፍሯል። «ውሃ ሆድህን ከሞላው ገብሱን የት ልታስገባው ነው?» አለችው። ሙክቱ ገበቴውን በግንባሩ ገፍቶ ደፋው።

«ደምለው፣ ይኼ በግ ውሃ አልጠጣም አለ እኮ!»

«ተይው፣ ሲጠማው ይጠጣል። ይልቅ ገብሱን ጨምሪለት፤ በዓሉ ደርሷል።»

ጨመረችለት።

ከዚያ ሙክቱን ጎኑን ወጋው። ወገቡን አጎበጠ፣ መሬቱን በኮቴው ጫረ፣ ጥርሱን አፋጨ። ሊሸና ቢያምጥ ደም ጠብ አለ፤ ቀጥሎ ደሙም ቆመ። ጠጠሯ ከሽንት መውጫው ላይ ተቀምጣለች።

«ውጪልኝ» ብሎ ለመናት።

«በየት በኩል? አድጌያለሁ። ይኸው በሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።»

ኩላሊቱን ጠራት። ኩላሊቱ አብጣ ነበርና አልመለሰችለትም።

እናቱ አጠገቡ ቆማ ፊቱን ላሰችው።

«እማ፣ ጠማኝ» አላት።

ደምለው «ሳይሞትብኝ» ብሎ ቢላዋ አመጣ። ግን ሲገፈፍ ሥጋው ሽንት ሽንት ሸተተ። ሊያግዙ የመጡት ጎረቤቶች አፍንጫቸውን ይዘው ሄዱ። ይመኙሻል ከሽንት መውጫው የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር አገኘች። መዳፏ ላይ አድርጋ ለባሏ አሳየችው።

«በዚህች?» አለ ደምለው።

«በዚህችና በእኛ» አለችው።

ሥጋውን ጅብ በላው። ፋሲካም በሽሮ አለፈ።

አሮጊቷ በግ ከዚያ ወዲህ ግልገሎቹን ጠዋት ጠዋት፣ ሳይጠማቸው፣ ወንዝ ታወርዳለች። ያንገራገረውን በግንባሯ ትገፋዋለች። ግልገሎቹ «እማማ፣ ለምን ትገፊናለሽ?» ይሏታል። እሷ ግን ሁሉም አጎንብሶ እስኪጠጣ ቆማ ታያለች።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ለሰሚ ዕድሜ ይስጠው። እናንተም እንዲህ በሉ፦ አሸዋ ሳለ በጉንጭ ውሃ፣ ጠጠር ሲሆን በቢላዋ።