ቃል የሚጎትተው በሬ

ተረት ልንገራችሁ፤ ስንዴውን ውሰዱ፣ ገለባውን ለእኔ ተዉት።

ድሮ፣ በሬም ጅራፍም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ አያ ቢሰውር የሚባል የደጋ ገበሬ ነበር። ከሁለት በሬዎቹ አንዱ ቢሞትበት ቆላ ወርዶ ዳለቻ የሚባል በሬ ገዛ። ዳለቻ ሲቆም ደመና ሻኛው ላይ ያርፍ ነበር፤ ያኔ አልተወለድኩም እንጂ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ ዳለቻ የቆላ አፍ ነበረው፤ ቃሉን እንደ ማር ይጎትታል። ደገኞቹ ደግሞ ነገር ይቆርጣሉ፤ በዚያ ብርድ አፍ ከፍቶ መቆየት ጥርስ ያንገጫግጫል።

በመጀመሪያው ቀን ከነባሩ በሬ ከቦራ ጋር ተጠምዶ ሲያርስ እርሻው መሀል ቆመ። «ወንድምዬ፣ እንዲያው ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ ብዬ ነው እንጂ...» ብሎ ሲጀምር ጅራፉ ሳቀ።

«ቃሉ ተጎታች፣ ልቡም ተጎታች» አለና ገረፈው። ዳለቻ ንቅንቅ አላለም።

በሁለተኛው ቀን እዚያው ቆመ፤ ያንኑ ጀመረ። ቀንበሩ እንኳ ጫንቃው ላይ ተጋድሞ ሳቀበት። አያ ቢሰውር ይህ በሬ ደንቆሮ ነው ብሎ፣ ነገም ከቆመ ለቅርጫ ሊያርደው ማለ። ጎረቤቶቹ በቁሙ ተከፋፈሉት፤ አንዱ ሽንጡን፣ አንዱ ጎድኑን። ምላሱን ግን ማንም አልፈለገም፤ ንግግራችንን ያስረዝምብናል ብለው።

ያን ቀን ጥላ ሥር ሲያመሰኩ ቦራ፣ «የጀመርከውን እስቲ ጨርሰው» አለው። ዳለቻ ቀጠለ። ቦራ የበላውን ሣር ሦስት ጊዜ አመሰኳና ነገሩ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ዳለቻ ቆመ። አያ ቢሰውር ቢላውን መዘዘ። ይሄኔ ቦራም ቆመ።

«ከሥር ዓለት አለ። ማረሻህ ይሰበራል» አለ ቦራ።

ገበሬው ቢቆፍር፣ ቤት የሚያክል ዓለት። «ቦራ፣ አንተስ ሊቅ ነህ» አለ።

«ነገሩ የእሱ ነው» አለ ቦራ። «አገሩ ድንጋያም ነው፤ መሬትን በሰኮናው ማዳመጥ ያውቃል። ሁለት ቀን ሙሉ ሊነግርህ ሞከረ። እኔ ማሳጠር ብቻ ነው ያሳጠርኩት።»

አያ ቢሰውር ቢላውን ወረወረ። የዳለቻን አንገት እያከከ፣ «ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ» አለው።

ከዚያ ወዲያ ዳለቻ ሁለት አፍ ያዘ፤ ለገበሬው ቆረጥ፣ ለቦራ ጎተት። ቦራን ለማመስገን ግን የደጋው አፍ አልበቃውም። በራሱ አፍ ሰኔ ላይ ጀምሮ መስከረም ላይ ጨረሰ። ቦራም አንዴ እንኳ አላቋረጠውም።

አነጋገር የአገር ነው፣ ልብ የባለቤቱ፤ ሳያስጨርስ የሚፈርድ ማረሻውን ይሰብራል። ተረቴ በሬዋን ፈታች፤ እስከ መጨረሻ ስለሰማችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።